ቀብራቸው ከሰዓት በኋላ የሆነው የአቶ ጁሊየስ ባራኒ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የፋብሪካ ባልደረቦች፣ እንዲሁም ከኋላ ወንበሮች የተቀመጣችሁ እንግዶች፤

የሟቹን የአቶ ጁሊየስ ባራኒን የሕይወት ታሪክ ጽፎ እንዲያነብ የታዘዘው የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም ካዚሚር ኖቫክ ነው። ያዘዙትም ራሳቸው ሟቹ ሲሆኑ፣ ካለፈው የትንሣኤ ሳምንት ጀምሮ አልጋ ላይ ሆነው ሁለት ነገር አደራ ብለዋል። አንደኛው፣ በዚህ ሰፈር ቀብር ከጧቱ በአራት ሰዓት መጀመሩ ከአያቶቻችን የመጣ ልማድ ሆኖ ሳለ፣ የእርሳቸው ግን ከሰዓት በኋላ በሰባት ሰዓት እንዲሆን ነው። በዚህ ምክንያት ከሥራ የቀራችሁ፣ ምሳ ያመለጣችሁ፣ ከትናንት ጀምሮም በስልክ ስታጉረመርሙ የነበራችሁ መኖራችሁ ይታወቃል፤ ምክንያቱ በቦታው ይነገራል። ሁለተኛው አደራ ምንም ነገር እንዳይሸፈን ነው። በከተማችን ጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ ላይ «በቤቱ ሳለ በድንገት ዐረፈ» የሚል ቃል ሲወጣ፣ ሟቹ ወጣት ከሆነ በአደንዛዥ ዕፅ ሞተ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አውቀንም ዝም እንላለን። አቶ ጁሊየስ «እኔን እንደዚያ አድርገህ ብትጽፈኝ ከሣጥኑ ተነሥቼ እጠይቅሃለሁ» ስላሉ፣ አንባቢው ይህ እንዳይደርስበት ሲል የተባለውን ሁሉ ጽፏል።

አቶ ጁሊየስ ባራኒ ከአባታቸው ከአቶ ያኖሽ ባራኒና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፒሮሽካ ሳቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በጥቅምት ወር፣ በቶሊዶ ከተማ ከሞሚ ወንዝ በስተምሥራቅ፣ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት አለፍ ብሎ በሚገኘው የእንጨት ቤት ተወለዱ። አባታቸው ብረት ማቅለጫ ቤት የሚሠሩ፣ እናታቸው ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ከደብሩ ሴቶች ጋር እየተሰበሰቡ ለቤተ ክርስቲያኑ መርጃ የሚሸጥ የሾርባ ፓስታ የሚያዘጋጁ ሲሆኑ፣ ሁለቱም የቤታቸውን ነገር ከበራቸው የማያሳልፉ ሰዎች ነበሩ። ሟቹ ገና ልጅ ሳሉ ማቅለጫ ቤቱ ሠራተኛ ቀንሶ አባታቸውን ባሰናበተበት የበረዶ ወራት፣ አቶ ያኖሽ ጎረቤት እንዳያውቅባቸው ሲሉ በየጧቱ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው እየወጡ እስከ ማታ ወንዝ ዳር ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያው ተቀምጠው አገኟቸው፤ አባትየው «አላየኸኝም» አሉ፤ ልጅየውም «እሺ አባዬ» ብለው ወደ ቤት ሄዱ። ይህ ነገር ለኋላው ስለሚያስፈልግ እዚህ ላይ ተጽፏል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ በዚሁ ደብር ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ ሲሆን፣ በሒሳብ የተመሰገኑ፣ በዝማሬ ግን የሚያስተምሯቸው መነኩሲት «አንተ አፍህን ክፈት እንጂ ድምፅ አታውጣ» እስኪሏቸው ድረስ የማይሆንላቸው ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ በመስታወት ፋብሪካ ተቀጥረው፣ መጀመሪያ ከምድጃው አጠገብ፣ በኋላም በመቁረጫው ክፍል ለሃያ ሰባት ዓመታት ሲሠሩ፣ ቅዳሜ ማታ ቦውሊንግ ከመጫወትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጓደኞቻቸው ጋር ከመከራከር በቀር ሌላ አመል እንዳልነበራቸው በዚያን ጊዜ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ።

በ1976 የአንባቢውን እኅት ወይዘሮ ዶሎሬስ ኖቫክን አገቡ። ሙሽሪት ከወንዙ ማዶ፣ ከፖላንዶቹ ሰፈር በመሆናቸው፣ ወይዘሮ ፒሮሽካ «ጎመን ጥቅል ውስጥ ስኳር የምትጨምር ሴት ልጄን በቁሙ ትጨርስብኛለች» ብለው ሠርጉ ሳምንት እስኪቀረው ድረስ አኩርፈው ነበር። ይሁን እንጂ በሠርጉ ቀን ከሁሉም በላይ የጨፈሩት እርሳቸው ናቸው፤ በሥጋ የተሞላውን ባለስኳር ጎመንም በልተውታል። ባልና ሚስቱ በፍቅርና በመጠነኛ ጭቅጭቅ እየኖሩ ግሬጎሪ የተባለ ወንድ ልጅና ኮሪን የተባለች ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1996 መገባደጃ ላይ መስታወት የተጫነበት ከባድ ሣጥን ከማንሻው ላይ ተንሸራቶ ወገባቸውን መታቸው። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም። ስሙን መጥራት የማያስፈልግ ሐኪምም «ይኼኛው ሱስ አያስይዝም፤ አይጨነቁ» ብሎ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ እንክብል አዘዘላቸው። በዚያን ዘመን በሰፈራችን ይህ እንክብል ያልገባበት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሰው ለጎረቤቱ እንደ ስኳር ያበድረው ነበር። አቶ ጁሊየስ መጀመሪያ እንደታዘዘላቸው፣ ቀጥሎ ከታዘዘላቸው በላይ፣ በመጨረሻም ካልወሰዱት ከአልጋ መነሣት እስኪያቅታቸው ድረስ ወሰዱት። ሐኪሙ ሥራውን አቁሞ ከከተማው በጠፋ ጊዜም እንክብሉ ቀረ፤ ሰውነታቸው ግን መጠየቁን አልተወም። አጥንታቸው ተሰብሮ የሚፈጭ እስኪመስላቸው እየታመሙ፣ እያላባቸውና እያስመለሳቸው ከሰነበቱ በኋላ፣ በአንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ከማያውቁት ልጅ ሄሮይን ገዙ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። አንባቢው ይህን ሊተወው ነበር፤ ሟቹ ግን «ዕድሜዬንም ጻፈው፤ የልጆች ነገር ብቻ እንዳይመስላቸው» ብለዋል።

ቀጥለው የመጡትን ዓመታት በዝርዝር ማንሣት ለማንም አይጠቅምም። ሥራቸው ሄደ፤ የአባታቸው አኮርዲዮን ተሸጠ፤ ወይዘሮ ዶሎሬስም ሁለት ጊዜ ልጆቹን ይዘው ወደ ወንድማቸው ቤት መጥተው ሁለቴም ተመለሱ። መዳን አልፈለጉም እንዳይባል፣ ያልሞከሩት አልነበረም። ከከተማ ወጣ ብሎ በበቆሎ እርሻዎች መካከል ባለ ማገገሚያ ወር ያህል ተቀመጡ፤ ወፍረውና እየቀለዱ ተመልሰው መጡ፤ ሳምንት ሳይሞላቸው ወደ መኪና ማቆሚያው ሄዱ። ሆስፒታል ተኝተው መርዙ ከሰውነታቸው እንዲወጣ ተደረገ፤ ወጣ፤ ጥማቱ ግን ቀረ። ከዚያም በሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሐሙስ ማታ የሚሰበሰበውን የማገገም ማኅበር አገኙ። ማኅበሩን የሚመሩት የቀድሞው የቧንቧ ሠራተኛ አቶ ዌንደል ክራውስ በማንኛውም ሰዓት ስልክ የሚያነሡ፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ሄደው የሚያነሡ ሰው ስለሆኑ፣ የስንቱን ሕይወት እንዳተረፉ እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ። ሕጋቸው ግን አንድ ነው፤ ንጹሕ ማለት ምንም ያልወሰደ ነው። ሄሮይኑን ትተው ጥማቱን ለማስታገስ በየቀኑ በክሊኒክ ወደሚሰጠው መድኃኒት ወደ ሜታዶን ስለሚሄዱት ሰዎች ሲጠየቁም «ቤት ቀየሩ እንጂ ኪራይ መች ተዉ?» ይሉ ነበር፤ ምድር ቤቱም ይስቅ ነበር። አቶ ጁሊየስም አብረው ስቀዋል።

በ2004 የጸደይ ወራት፣ ማኅበሩ ውስጥ እያሉ በስውር ለስንተኛ ጊዜ እንደወደቁ እርሳቸውም በማያውቁት ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የሜታዶን ክሊኒክ ብቻቸውን ሄዱ። እዚያ መስኮት ላይ መድኃኒት የሚያድሉት ሲስተር ኦዴሳ ፕሩይት መጀመሪያ የነገሯቸውን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም። «አቶ ባራኒ፣ ይኼ አይፈውስዎትም፤ ያቆምዎታል። ከቆሙ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ የእርስዎ ፈንታ ነው» ነበር ያሏቸው። እንዳሉትም ቆሙ። ሰውነታቸው መጠየቁን ተወ፤ እንቅልፍ መጣላቸው፤ እጃቸው መንቀጥቀጡን አቆመ። በአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር መስታወት ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ፤ ከዚያ ወዲህም የዚህ ሰፈር የተሰበረ መስኮት ሁሉ በእጃቸው አልፏል።

የመስኮቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። ክሊኒኩ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ይከፈታል፤ ሰው ይሰለፋል፤ ተራው የደረሰው ቀዩን ፈሳሽ በትንሽ ጽዋ ተቀብሎ ሲስተር ፊት ይጠጣል። ከጠጣም በኋላ አንድ ነገር መናገር አለበት፤ አፉ ውስጥ ይዞ ወጥቶ ለሌላ እንዳይሸጠው ነውና፣ ያልተናገረ አይለቀቅም። አንዳንዱ «አመሰግናለሁ» ይላል፤ አንዳንዱ ይሳደባል። አቶ ጁሊየስ በመጀመሪያው ቀን የሚሉት ቢጠፋቸው፣ ድልድዩን ሲሻገሩ ያዩትን አስታውሰው «ወንዙ ደፍርሷል» አሉ። በማግሥቱ ሲስተር ኦዴሳ ራሳቸው «ወንዙ እንዴት አደረ?» ብለው ጠየቋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ይኸው የሁለቱ ሰላምታ ሆነ፤ በረዶ ሠራ፣ ሞላ፣ ጎደለ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ዓሣ አጥማጆች ከበቡት። ገበያ ላይ ግን ቢገናኙ ሲስተር ኦዴሳ አያውቋቸውም፤ የሥራቸው ሕግ ማንን እንደሚያውቁ መናገር አይፈቅድላቸውምና፣ የሽንኩርት መደርደሪያው ሥር ትከሻ ለትከሻ ቆመው አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ይተላለፉ ነበር።

እንግዲህ በየጧቱ ከቤት መውጣት ምክንያት ይፈልጋል። ወይዘሮ ዶሎሬስ በዚያን ጊዜ «ከእንግዲህ በመርፌም ይሁን በጽዋ፣ አንድ ነገር እንደምትወስድ ከሰማሁ ጨርቄን ሰብስቤ እሄዳለሁ» ብለው ስለነበር፣ አቶ ጁሊየስ «መሐል ከተማ የጧት ቅዳሴ እየሄድኩ ነው» አሉ። አባታቸው ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው እንደወጡት፣ እርሳቸውም የጸሎት መጽሐፍ ይዘው እየወጡ አሥራ ሁለት ዓመት ተሻገሩ። ወይዘሮ ዶሎሬስ ባላቸው ይህን ያህል መንፈሳዊ በመሆናቸው እየኮሩ ለደብሩ ሴቶች ያወሩ ነበር። በምድር ቤቱም ማኅበሩ በየዓመቱ በንጽሕና ለቆየ አባል የሚሰጠውን ሜዳሊያ አቶ ዌንደል በጭብጨባ ደረታቸው ላይ ሲያደርጉላቸው፣ ተቀብለው ይቀመጡ ነበር። ማንንም አልጎዳሁም ብለው ያምኑ እንደነበር ተናግረዋል፤ እስከ 2016 ድረስም እውነት ሊመስል ይችል ነበር።

በዚያ ዓመት ልጃቸው ኮሪን በጥርስ ሐኪም ቤት ረዳት ሆና እየሠራች፣ አንዲት ሴት ልጅ እያሳደገች ሳለ፣ በጓደኛዋ እንክብል ጀምራ እርሳቸው ያለፉበት መንገድ ላይ መግባቷ ታወቀ። ጊዜው ደግሞ ተለውጦ ነበር፤ በመንገድ የሚሸጠው ሄሮይን ሌላ ብርቱ ነገር ተቀላቅሎበት፣ የአቶ ጁሊየስ ዘመን ሰው ወድቆ የሚነሣበት መጠን በዚህኛው ዘመን የሚገድል ሆኖ ነበር። ያን ሰሞን በዚህ ቤተ ክርስቲያን ስንት ወጣት እንደቀበርን ካህናችን ያውቃሉ።

ኮሪን የአባቷ ልጅ ስለሆነች ነገሯን ወደ አባቷ ይዛ መጣች። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ «አባዬ፣ የሆስፒታሏ አማካሪ ማዶ ወዳለው ክሊኒክ ልላክሽ ትለኛለች። ጋሽ ዌንደል ደግሞ እዚያ የሄደ ንጹሕ አይባልም ይሉኛል። ግራ ገባኝ። አንተ የምትለኝን አደርጋለሁ» አለቻቸው። አቶ ጁሊየስ በዚያች ሰዓት ያሰቡትን አልደበቁም። ክሊኒኩ ከሄደች ሰልፉ ላይ ታገኛቸዋለች፤ ካገኘቻቸው ሚስታቸው ይሰማሉ፤ ሚስታቸው ከሰሙ ማኅበሩ ይሰማል። ይህን አስበው «ማኅበሩ ይበቃሻል ልጄ። እኔን እዪኝ» አሉ። እርሷም አምናቸው፣ አማካሪዋን «አይ፣ ይቅርብኝ» አለቻት። አየ ጉድ! ልጂቱ እውነት አባቷን አይታ ቢሆን ኖሮ የምታየው ሌላ ነበር።

ወር ሳይሞላ ኮሪን በአንድ ነዳጅ ማደያ ሽንት ቤት ውስጥ ወድቃ ተገኘች። የማደያው ሠራተኛ ናቢል የሚባል ወጣት፣ ገብታ በመቆየቷ ደጋግሞ ቢያንኳኳ መልስ አጥቶ በሩን በትከሻው ገነጠለው፤ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በማደያው አዲስ ስላልነበረ፣ ከሲጋራው መደርደሪያ ሥር ያስቀመጠውን በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት አምጥቶ ነፋባት፤ አልነቃችም፤ ደግሞ ነፋባት፤ ተነፈሰች። ናቢል ዛሬ ሥራ ላይ ስለሆነ መምጣት ባይችልም፣ ስሙ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዲጠራ ሟቹ አጥብቀው አዘዋል።

ከሆስፒታል በወጣች ማግሥት ገና ሳይነጋ አቶ ጁሊየስ የልጃቸውን በር ከፍተው «ተነሺ፣ ካፖርትሽን ልበሺ» አሏት። «ወዴት ነው አባዬ?» ብትላቸው «ቅዳሴ» አሉ። ድልድዩን ተሻገሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን መታጠፊያ አለፉት፤ ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱም ሰልፈኞቹ «ጋሼ ዛሬ ምን አዘገየዎት?» እያሉ ቦታ ለቀቁላቸው። ኮሪን ከኋላቸው ተሰለፈች። ተራቸው ደርሶ ጽዋውን ጨለጡ፤ ሲስተር ኦዴሳም እንደ ወትሮው «ወንዙ እንዴት አደረ?» አሏቸው። አቶ ጁሊየስ ግን ያን ቀን ስለ ወንዙ መናገር አልቻሉም። እንባቸው እየወረደ «ልጄን ይዤ መጥቻለሁ» አሉ።

ኮሪን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደረታቸውን በቡጢ መታቻቸው፤ ደገመቻቸው፤ «እኔን እዪኝ ብለኸኝ! እኔን እዪኝ ብለኸኝ እኮ ነው!» እያለችም ጮኸች። አቶ ጁሊየስ አልተከላከሉም። ሲስተር ኦዴሳ በመስኮቱ ቀዳዳ «የኔ እመቤት፣ ጠቡ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ገብተሽ ተመዝገቢ» አሏት፤ እርሷም እያለቀሰች ገብታ ተመዘገበች። ከዚያ ጧት ጀምሮ እስከ ዛሬ ጧት ድረስ መስኮቱን አላቋረጠችም።

የዚያው ሳምንት ሐሙስ አቶ ጁሊየስ ወደ ምድር ቤቱ ወርደው ሜዳሊያዎቹን ሁሉ በጠረጴዛው ላይ ዘረገፉና «እነዚህን ስቀበል በየጧቱ ሜታዶን እጠጣ ነበር። ይህንን ባለመናገሬ ልጄን ልገድላት ነበር። ከእናንተ መካከል የሚያስፈልገው ካለ እኔን ፈርቶ እንዳይቀር» አሉ።  አቶ ዌንደል ፊታቸው ቀልቶ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስታሾፍብን ኖርክ ማለት ነው?» ቢሏቸው «አላሾፍኩም። ፈራሁ» ብለው መለሱ። «ቤት ቀየርክ እንጂ ኪራዩን መች ተውክ!» ቢሏቸው ደግሞ «እከፍላለሁ ዌንደል፤ እድሜ ልኬን እከፍላለሁ። ጣሪያ ስላለኝ ነው» አሉ። ግማሹ ሰው ተነሥቶ ወጣ። ከቀሩት መካከል አንዲት ሴት እጇን አንሥታ «እኔም እጠጣለሁ» አለች፤ ቀጥሎም አንድ ሽማግሌ እንደዚያው ተናገሩ።

ወይዘሮ ዶሎሬስ የሰሙት በዚያው ሌሊት በስልክ ነው። የተቆጡት ስለ መድኃኒቱ እንዳልሆነ ወንድማቸው ይመሰክራል። «አሥራ ሁለት ዓመት ቅዳሴ ብለህ! በየጧቱ ጸልይልኝ እያልኩ እልክህ ነበር! የእኅቴን የስቴላን የጉልበት ሕመም ለማን ነው ያደረስከው?» ሲሏቸው፣ አቶ ጁሊየስ አንገታቸውን ደፍተው «ለሲስተር ኦዴሳ ነገርኳቸው፤ እርሳቸው አጥባቂ ባፕቲስት ናቸው» አሉ። ወይዘሮ ዶሎሬስ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት አላናገሯቸውም፤ ምግብ ግን ያቀርቡላቸው ነበር፤ ጎመኑ ውስጥም ስኳሩን ጨምረውበታል። አንድ ጧት ግን ቀድመው ተነሥተው ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ጠበቋቸው፤ «ዛሬ እኔም ቅዳሴ አለኝ» ብለው ከባላቸውና ከልጃቸው ጋር ድልድዩን ተሻገሩ። ጨርቃቸውን ሰብስበው እንደማይሄዱ አቶ ጁሊየስ ያወቁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ለአቶ ጁሊየስ የተሻሉ ነበሩ። እሑድ አውቶቡስ በጧት ስለማይነሣ መኪና የሌላቸውን ሰልፈኞች በአሮጌ መኪናቸው እየሰበሰቡ ያመላልሱ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞም መድኃኒቱን የሚወስዱት ሳያፍሩ የሚገቡበት ሌላ ስብሰባ በዚያው ምድር ቤት ተጀመረ፤ ሐሙስ ግን አሁንም የአቶ ዌንደል ነው። አቶ ዌንደል እስካሁን ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ ይህንንም ትናንት ለአንባቢው ደግመው ነግረውታል። ይሁን እንጂ አቶ ጁሊየስ ትንፋሽ ማጠር ከጀመራቸው ወዲህ በደጃፋቸው ያለውን በረዶ በየጊዜው ማን እየጠረገ እንደሚሄድ ሰፈሩ ያውቃል፤ ዛሬም ሣጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እርሳቸው ናቸው።

አቶ ጁሊየስ ባለፈው ዓመት በሳንባ ካንሰር መያዛቸው ከታወቀ በኋላ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ከትንሣኤ ወዲህ አልጋ ላይ ዋሉ። ድልድዩን መሻገር ስላልቻሉ ኮሪን በክሊኒኩ ፈቃድ የራሷን ጽዋ መስኮቱ ላይ ጠጥታ የእርሳቸውን ቁልፍ ባለው ሣጥን እያመጣች ታጠጣቸው ነበር። ከጠጡ በኋላም እንደ ሲስተር ቆማ «ወንዙ እንዴት አደረ?» ትላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ያላዩትን ወንዝ እንዳዩ አድርገው ይመልሱ ነበር፤ አንዳንዴም ይሳሳቱና ትስቅባቸው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጧት ጽዋውን ጨልጠው ዝም አሉ። ኮሪን «አባዬ፣ ተናገር እንጂ» ብትላቸው «ዛሬ አንቺ ንገሪኝ» አሉ። ነገረቻቸው። በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ። በድንገት አይደለም።

የሰዓቱ ነገር እነሆ። የክሊኒኩ መስኮት የሚዘጋው ከረፋዱ በአምስት ሰዓት ነው፤ ለቀብር ተብሎም አይቆይም። ወይዘሮ ዶሎሬስ ሳምንት ሲቀራቸው «እባክህ እንደ ሰዉ በአራት ሰዓት ይሁን» ብለው ለምነዋቸው ነበር። አቶ ጁሊየስ «አራት ሰዓት ከሆነ ኮሪን ገና ከጧቱ ሬሳዬ ዘንድ ትውላለች። ወይ እኔን ወይ መስኮቱን መምረጥ ይሆንባታል፤ እኔን ትመርጣለች። እኔ ደግሞ እንድትመርጠኝ አልፈልግም» አሉ። «ከኋላ የሚቀመጡትም እንደዚያው» አሉ። ስለዚህ ምሳ ያመለጣችሁ ይቅርታ አድርጉላቸው፤ በአዳራሹ ጎመን ጥቅል አለ፤ ስኳር ያለበትም የሌለበትም ተዘጋጅቷል።

አቶ ጁሊየስ ባራኒ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዶሎሬስ፣ ከልጃቸው ከግሬጎሪና ከባለቤቱ፣ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ በሕጉ ምክንያት ያውቋቸው እንደሆነ ሊናገሩ ከማይችሉት፣ ነገር ግን እዚህ በሦስተኛው ረድፍ ከተቀመጡት ከሲስተር ኦዴሳ ፕሩይት፣ ከኋላ ከተቀመጡት የሰልፍ ጓደኞቻቸው፣ እንዲሁም ከልጃቸው ከኮሪን ተለይተዋል። ኮሪን ዛሬ ጧት ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ የአባቷን መኪና ነድታ፣ ድልድዩን ተሻግራ ተሰልፋለች። ጠጥታም ወንዙ እንዴት እንዳደረ ስትጠየቅ «ጠርቷል ሲስተር። አባዬ ቢያየው ደስ ይለው ነበር» ብላ፣ ከዚያ ወደዚህ መጥታለች። ይኸው በሕይወት አለች፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች።

እግዚአብሔር የአቶ ጁሊየስን ነፍስ ሰልፍ በሌለበት፣ መስኮት በማይዘጋበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ በነገው ጧት ድልድዩን ለሚሻገሩትም ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።